የቀዩ ቤትና የሰማያዊው ቤት ዝምድና

እኔ ሰው ሲደባደብ ማየት አልወድም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከታች ያለውን ስታነቡ ሌላ ሴት እንዳልመስላችሁ ነው። አውራ ዶሮዎች ሲጣሉ እንኳ መንገድ ቀይሬ የማልፍ ሰው ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ የክፍል ጓደኞቼ ተነሥተው ወንበር ይለቁልኝ ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ያገኘውን ሁሉ ያነባል፣ ያነበበውን ሁሉ ያርማል። የሱቅ ማስታወቂያ አርሜ ከባለ ሱቁ ተጣልቻለሁ። የተዝካር መጥሪያ ወረቀት አርሜ የተዝካሩ ዕለት ንፍሮ ሳይደርሰኝ ቀርቷል። አሁን የምሠራው እዚሁ ባሕር ዳር፣ በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። እዚያ ማረም ስለሚፈቀድ ሰላም አለኝ።

የምኖረው በታላቅ ወንድሜ በአያ ሙላት ግቢ፣ ከጓሮ ባለችው ክፍል ነው። አያ ሙላት ከፋብሪካ መካኒክነት ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አንዲት ልጁን ማኅሌትን ሁለታችን ነን ያሳደግናት፤ እሱ እንደ እናት እየሠጋ፣ እኔ እንደ አባት እየተቆጣሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዚያ ቤት ሰው ሰው አይደለም። ልጆቹ ሬስሊንግ የሚሉት ነጻ ትግል የሚታየው ያን ጊዜ ነው። አያ ሙላት ከቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣል፤ ከጎኑ የሠላሳ ዓመት ወዳጁ ጋሽ ሰይድ። ጋሽ ሰይድ ከሐይቁ ዳር ጀልባ ይሠራል፤ አባቱም አያቱም የደንገል ታንኳ አሳሪዎች ነበሩ። እኔ ደግሞ ጀርባዬን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቼ መጽሐፌን አነባለሁ። ወደ ጓሮ ክፍሌ የማልሄደው ብርሃኑ እዚህ ስለሚሻል ነው። እንዲያ ነበር የምለው።

ነገሩን ለማታውቁ፣ ባሕር ማዶ ሁለት የትግል ድርጅቶች አሉ። አንደኛው የመድረኩ ገመድ ቀይ ነው፣ የሌላው ሰማያዊ። እኛ ቤት ቀዩ ቤትና ሰማያዊው ቤት ይባላሉ። እርስ በርስ እንደ ጦር ይጠላላሉ፤ የአንዱ ሰው የሌላውን ስም ከጠራ ምራቁን ይተፋል። አያ ሙላት የቀዩ ቤት ነው፣ ጋሽ ሰይድ የሰማያዊው። የተፋላሚዎቹ የፈረንጅ ስም ለምላሳቸው ስላልተመቸ ራሳቸው ስም አውጥተውላቸዋል። ትከሻው የሰፋው ጎሹ ነው። ከገመድ ላይ የሚወረወረው መብረቁ። ቂም የማይረሳው ደምመላሽ።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ ሰይድ ሲያይ ቆይቶ፣ «ሙላት፣ እነዚህ ሰዎች ውስጥ ውስጡን ዘመዳሞች ናቸው» አለ።

«የምን ዘመድ? ባለፈው ቅዳሜ አጥንት ሲሰባበሩ አላየህም?»

«ገመዱን እየው። ከማዕዘኑ ላይ ጫፉን ሁለት ጊዜ አዙሮ ወደ ውስጥ ቀብሮታል። ባለፈው ሳምንት በእኛ ቤት ያየሁት እስር ነው። እኔ የአባቴን እስርና የአጎቴን እስር ዓይኔን ጨፍኜ በእጄ ዳስሼ እለያለሁ። ሁለቱን መድረክ ያሰረው አንድ ሰው ነው፤ ግራ እጁ የሚቀናው ሰው።»

አያ ሙላት ቆሰለ። አሥራ ሁለት ዓመት ሰማያዊውን ቤት ሲሰድብ ኖሯል፤ ሁለቱ አንድ ከሆኑ ያን ሁሉ ዓመት ማንን ሲሰድብ ነበር? ጭቅጭቁ ጋለ። እኔም ከመጽሐፌ ቀና ሳልል፣ ሳላስበው፣ «አንድ ምስክር አይበቃም» አልሁ።

ሁለቱም ዞሩ። ከዚያች ቃል በኋላ ዳኛ ሆንሁ። አያ ሙላት እኔ መጽሐፍ ቤት ስለምሠራ እውነቱን ፈልፍዬ እንዳወጣ፣ እኔ ያልሁትን ሁለቱም እንዲቀበሉ ሐሳብ አቀረበ፤ ጋሽ ሰይድም በእጁ ጉልበቱን መትቶ ተስማማ። እምቢ ልል ነበር። ግን አስቡት፣ በዕድሜዬ ሙሉ «ምን አገባሽ» ስባል የኖርሁ ሴት «ፍረጂን» ስባል።

አዲስ ደብተር ገዛሁ። በካኪ ወረቀት ለበድሁት። በመጀመሪያው ገጽ ሕግ ጻፍሁ፦ ያየ እንጂ የሰማ ምስክር አይሆንም፤ ነገር በሁለት ምስክር ይጸናል፤ የተፋላሚ መሐላ አይቆጠርም። ርእስ ግን ሽፋኑ ላይ አልጻፍሁም። ርእስ ማየት የሚወድ ሰው ሁሉ ከርእሱ አያልፍም፤ ስለዚህ ደብተሮቼን በቁጥር ብቻ ነው የምለያቸው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ስናገር ፊቴ ይቀላል። ከሳምንት ሳምንት ጀርባዬ ከቴሌቪዥኑ እየዞረ፣ መጀመሪያ በጎን፣ ኋላ ፊት ለፊት ሆነ። መጽሐፉን ከጉልበቴ ላይ አላነሣሁትም፤ ለክብሬ ስል። የሁለቱ ቤት ዳኛ አንድ ሰው መሆኑን የደረስሁበት እኔ ነኝ። በቀዩ ቤት ጢሙን ያሳድጋል፣ በሰማያዊው ይላጨዋል፤ ቀኝ እግሩን ማነከሱን ግን ምላጭ አያነሣለትም። ጋሽ ሰይድ ይህን ስነግረው «አንቺ ጀልባ መሥራት ነበረብሽ» አለኝ። ከዚህ የበለጠ ምስጋና ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

ሥራ ቦታም ተከተለኝ። አንድ ቀን ሁለት ተማሪዎች ከመደርደሪያ ኋላ ሲንሾካሾኩ ዝም ላሰኛቸው ሄድሁ። የሚያወሩት ስለ ሁለቱ ድርጅቶች ስውር ግንኙነት ነበር። ዝም በሉ ማለቴ ቀርቶ ምንጫቸውን ጠየቅኋቸው።

«ኢንተርኔት ነው፣ እትዬ» አለኝ አንደኛው።

ኢንተርኔት ወንዝ እንጂ ምንጭ አይደለም፤ ከላይ ማን እግሩን እንደታጠበበት አታውቅም፣ አልሁት። ልጁ ግን ፎቶግራፍ አወጣ። መብረቁ፣ ያ «የሰማያዊውን ቤት ደጃፍ አልረግጥም» ብሎ የማለው መብረቁ፣ ከሰማያዊው ቤት አዛውንት ባለቤት ጋር ምሳ ይበላል። መጽሐፍ ቤቱ ውስጥ ማንም ሳያየኝ ማጉያ መነጽር አምጥቼ ሳህኑን መረመርሁ። አንድ ሳህን ነው። ተጣልቶ ከአንድ ሳህን የሚበላ ማን አለ? ይህን ስጽፍ የክፍሉ ኃላፊ ከኋላዬ መጥተው ምን እየሠራሁ እንደሆነ ጠየቁኝ። «የጥንት ታንኳ አሠራር አጠናለሁ» አልኋቸው። በመሥሪያ ቤት የዋሸሁት የመጀመሪያ ውሸት ነው። ኃላፊው «በርቺ» ብለውኝ ሄዱ፤ ያ ደግሞ ባሰብኝ።

አሁን ወደ ማኅሌት ልመለስ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በእሷ ነውና።

ማኅሌት አራት ዓመት ሙሉ የምትጠብቀው ልጅ ነበራት፤ ቢራራ ይባላል፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው፣ የተረጋጋ ልጅ። አባቱ የደራ ሰው ነው፣ የአንበሳሜ። እኛም በእናታችን ወደ ሐሙሲት የሚሄድ ዘር አለን። ሐሙሲትና አንበሳሜ ደግሞ ጎረቤት ናቸው። በእኛ አገር እስከ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም፤ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እየተባለ በሁለቱም ወገን ይወጣል፣ ከሰባት ቤት በታች ከተገናኘ ልጆቹ እኅትና ወንድም ናቸው ተብሎ ነገሩ ይቀራል። የቢራራ ወገን ቆጠራውን የሚመረምሩት መሪጌታ ይትባረክ እንዲሆኑ ወሰነ፤ የአባቱ አጎት ናቸው፣ አንበሳሜ ነው የሚኖሩት፣ የአገሩን ትውልድ በቃላቸው የሚያውቁ ሊቅ። የእኛን ወገን የሚጽፈው ማን ይሁን ሲባል አያ ሙላት እኔን ጠቆመ። እሱ ራሱ ሦስተኛው አያት ላይ ሲደርስ በመሬት ነገር ይናደዳል።

ማኅሌት የዚያን ዕለት ክፍሌ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አክስቴ፣ አደራ በደንብ ቁጠሪ» አለችኝ። የአልጋ ልብሱን ጫፍ እያስተካከለች ጨመረች፦ «ግን በጣም በደንብ አትቁጠሪ።»

ለሁለት ሳምንት አሮጊቶችን ጠየቅሁ፤ ሐሙሲት ድረስ ሄድሁ፤ አንዱን ስም ለማረጋገጥ ሁለት ምስክር ፈለግሁ። ይህንንም በደብተር ጻፍሁት፣ በካኪ ለበድሁት። ደብተር ቁጥር አራት ይህ ነበር። ቁጥር አምስት ትግሉ።

አያ ሙላት ደብተሩን ይዞ ወደ አንበሳሜ ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው መደርደሪያዬን ሳስተካክል አንድ ስሕተት አየሁ። የትግሉ ደብተር ከዝምድናው ደብተር በዘጠኝ ሳምንት ቀድሞ የተጀመረ ነው። የቀደመ አምስት፣ የተከተለ አራት ሊባል አይችልም። ሌላ ሰው ይህን አይቶ ያልፋል፤ እኔ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም። ቁጥሮቹን በምላጭ ፍቄ አቀያየርሁ። ትግሉ አራት ሆነ፣ የማኅሌት ዘር አምስት። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

በማግሥቱ ሥራ ላይ ሳለሁ አያ ሙላት ወደ መናኸሪያ ሊወጣ ሲል ከክፍሌ ደወለ። የትኛውን ልውሰድ አለኝ። ለሁለት ሳምንት ስጠራው የኖርሁትን ጠራሁለት፦ አራትን።

አያ ሙላት የተሸከመውን የሚገልጥ ሰው አይደለም፤ በፋብሪካ የለመደው ነው፣ የታሸገ ዕቃ አይነካም። መሪጌታ ደብተሩን ሳምንት ይዘው ቆዩ። ያን ሰሞን እኔም በዝግጅቱ ተወጥሬ መደርደሪያዬን አልነካሁም። በሁለተኛው እሑድ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ።

እኛ ቤት ሁሉም ተሰናድቶ ነበር። አያ ሙላት ኮቱን ለብሷል። ከእኛ ወገን ሽማግሌ ሆኖ የተቀመጠው ጋሽ ሰይድ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ነጠላ ጣል ያደረገው እሱ ነው፣ እንግዶቹ ቀልደኛ እንዳይሉን። ማኅሌት ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ናት። መሪጌታ ይትባረክ ቀጭን፣ ረዥም፣ ድምፃቸው ከአካላቸው የሚበልጥ ሽማግሌ ናቸው። ከተቀመጡ በኋላ ደብተሩን ከጋቢያቸው ሥር አወጡ።

«ይህን የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ መሪጌታ።»

«እጅሽ ይባረክ ልጄ። ነጥቡ በቦታው፣ ምስክሩ በቦታው። በዕድሜዬ ይህን የመሰለ የትውልድ ምርመራ አላየሁም።» ልቤ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። «ይዘቱ ግን» አሉ፣ «አሳዝኖኛል።»

መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ።

«ጎሹ ከቀዩ ቤት ተጣልቶ ወጣ። ስድስት ወር ጠፋ። በሰማያዊው ቤት ስሙን ለውጦ፣ ፊቱን ሸፍኖ ተገኘ። በግራ ትከሻው ጠባሳ ታወቀ።»

የያዙት የትግሉን ደብተር መሆኑን ያን ጊዜ አወቅሁ። አያ ሙላት ጎሹ የሚለውን ሲሰማ በመጀመሪያ ፊቱ በራ፤ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደበት፤ ሲረዳ ጠቆረ። ጋሽ ሰይድ ጣሪያውን መመርመር ያዘ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቀዩ ቤት የሚባለው የማን ወገን እንደሆነ ጠየቀ፤ እነሱ በአንበሳሜ ቀይ ተብለው እንደማያውቁ ተናገረ። ሌላው ደግሞ ሰማያዊ መባልን ይበልጥ ጠላው።

መሪጌታ ቀጠሉ። «ደምመላሽ የገዛ ወንድሙን ጀርባውን በብረት ወንበር መታው። ሕዝቡ አጨበጨበ።» ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ወንድም ወንድሙን በወንበር ይመታል፤ እሺ፣ ክፉ ቀን ነው፣ በእኛም አለ። የሚያጨበጭበው ሕዝብ ግን የየት አገር ሕዝብ ነው?»

ገጽ ገለጡ።

«በማግሥቱ ሁለቱ በአንድ መኪና ሲሄዱ ታዩ ይላል። ከአንድ ሳህን ሲበሉ ታዩ ይላል። የሁለቱ ቤት ዳኛ እንኳ አንድ አንካሳ ሰው ነው።» ደብተሩን ዘጉ። «ልጄ የጻፈችው እውነት ከሆነ ሁለቱ ቤቶች ከሦስተኛው ሳያልፉ ይገናኛሉ። ጋብቻው አይሆንም።»

ከመጋረጃው ኋላ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ።

ያን ጊዜ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን በሃምሳ ዓመቴ፣ በሊቅ ፊት፣ የትግል ተመልካች ነኝ ልል? ግማሹን ብቻ ተናገርሁ፤ ደብተሩ ተሳስቷል፣ ይህ የእኛ ቤተሰብ አይደለም አልሁ።

«ታዲያ የማን ነው?» አሉ መሪጌታ።

«የጎረቤት።»

ሦስቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ቀይ መባልን ያልወደደው ሰው ጋቢውን ሰብሰብ አደረገ። እንዲህ ያለ ጎረቤት ካለ ልጃቸውን ወደዚህ ሰፈር እንደማያዘልቁ፣ ወንበር የሚያነሣ ሰው የድንበር አጥር እንደማያቆመው አስረዳ። መነሣት ጀመሩ። አያ ሙላት በሕይወቱ እንዲያ አይቶኝ አያውቅም፤ እንደ ሕፃን አየኝ። የመጋረጃው ጫፍ ይንቀጠቀጣል። ማኅሌት ስታለቅስ ድምፅ አታሰማም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደዚያ ናት።

«መሪጌታ፣ ይቀመጡ» አልሁ። «ጎረቤትም አይደሉም። በቴሌቪዥን የሚደባደቡ ሰዎች ናቸው። የጻፍሁት እኔ፣ የማያቸውም እኔ ነኝ። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቅዳሜ አላመለጠኝም።»

ጋሽ ሰይድ፣ ወዳጅ ማለት እንዲህ ነው፣ ተነሥቶ ነጠላውን ከቴሌቪዥኑ ላይ ገለጠው፤ እንደ ማስረጃ።

«በቴሌቪዥን» አሉ መሪጌታ።

«አዎ።»

«የሚደባደቡት በምን ተጣልተው ነው? በመሬት?»

«በቀበቶ ነው፣ መሪጌታ።»

«አንድ ቀበቶ ለዚያ ሁሉ ሰው?»

«አንድ ነው።»

«ታዲያ የሌሎቹን ሱሪ ምን ይይዝላቸዋል?»

«ሱሪ የላቸውም።»

መሪጌታ ይትባረክ መነጽራቸውን አወለቁ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የታመሙ መስሎኝ ውኃ ላመጣ ተነሣሁ። ይሥቁ ነበር። ሊቅ ሲሥቅ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ድምፁ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ሲበርድላቸው ትክክለኛውን ደብተር እንዳመጣ አዘዙ። ሮጥሁ። ቁጥር አምስትን ከማንሣቴ በፊት ሦስት ጊዜ ገልጬ አየሁት።

እሱን አንድ ሰዓት ሙሉ አነበቡት። እያንዳንዱን ስም በጣታቸው ይዘው፣ ከቃላቸው ጋር እያስተያዩ። አንደኛ ቤት፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ሰባተኛውን ሲያልፉ ገጹን ገለጡ፤ ከዚያ ቆሙ።

«ይህ ምንድን ነው? በስምንተኛው ቤት አንዲት ሴት ከሁለቱም ወገን ትነሣለች ብለሽ ጽፈሻል።»

«አግኝቻት ነው፣ መሪጌታ። ሁለት ምስክር አላት።»

«ስምንተኛውን ማን ቁጠሪ አለሽ?»

ከመጋረጃው ኋላ «ነግሬያት ነበር» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ፤ ሽማግሌዎቹ እንዳልሰሙ ሆኑ።

«ልጄ» አሉኝ መሪጌታ፣ «ሰባት ሲሞላ ብዕር ይቀመጣል። ከዚያ በላይ ከተቆጠረ አዳም ላይ ተደርሶ ማንም ማንንም አያገባም። ስምንተኛው ባዕድ ነው።» ገጹን አጥፈው መረቁ። አያ ሙላት ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሳመ። ማኅሌት ዓይኗ ቀልቶ፣ የተሰበረውን ብርጭቆ ስብርባሪ በመጥረጊያ እየሰበሰበች፣ ከመጋረጃው ወጣች፤ ሙሽራ ስትታይ እንዲህ ሆና የታየች ያለች አይመስለኝም።

ሊወጡ ሲሉ መሪጌታ በሩ ላይ ቆዩ። ጠጋ ብለው፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ፣ ያን ሌላውን ደብተር ለጥቂት ቀን ማዋስ እችል እንደሆነ ጠየቁኝ። ሲመለስ ዳር ዳሩ በቀይ ቀለም ተሞልቶ ነበር። ሁለት ቦታ ምስክር እንደሚያንሰኝ ጽፈዋል፤ እውነታቸውን ነው። በመጨረሻው ገጽ ፍርዱ አለ፦ «ሁለቱ ቤቶች ዘመዳሞች ናቸው። የገመዱ እስር ማስረጃ የጸና ነው።» ጋሽ ሰይድ ይህን ገጽ ጀልባ በሚሠራበት ዳስ ውስጥ ሊሰቅለው ለመነኝ። ገጽ መቅደድ ስለማልወድ ገልብጬ ሰጠሁት። አያ ሙላት ለሁለት ቅዳሜ ማንንም ሳይሰድብ ዝም ብሎ ተመለከተ፤ በሦስተኛው ዳኛውን መስደብ ጀመረ፣ የሁለቱም ነውና።

ማኅሌትና ቢራራ ተጋቡ። የሠርጉን መጥሪያ ያረምሁት እኔ ነኝ፤ ማኅሌት ግን እርማቴን ራሷ ሳታይ አላሳተመችውም።

ከሠርጉ በኋላ ወር ሳይሞላ ዜናው መጣ። ቀዩ ቤትና ሰማያዊው ቤት በይፋ አንድ ሊሆኑ ነው። የሁለቱ ቤት አዛውንት ባለቤቶች በመድረክ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ታዩ፤ አስተዋዋቂው «ይህ ጋብቻ ነው» አለ። ጋሽ ሰይድ ጢሙን አሻሸ። ስልኬ ጮኸ። ከአንበሳሜ ነው።

«ልጄ፣ ሰማሽ?»

«ሰማሁ፣ መሪጌታ።»

«ከሦስተኛው ቤት በታች ናቸው እኮ። ማን ቆጠረላቸው?»

«የቆጠረላቸው ያለ አይመስለኝም።»

«ታዲያ እያወቅን ዝም እንበል? ጻፊላቸው።»

ጻፍሁ። ሰባት ገጽ ሆነ፤ በሰባተኛው ብዕሬን አስቀመጥሁ። በአማርኛ ነው፣ አስተርጓሚ ይፈልጉ። ከጋብቻው እንዲቆጠቡ በትሕትና ይመክራል፣ ምስክሮቹን በተራ ይዘረዝራል። ፖስታ ቤት የሚያደርሰው አያ ሙላት ነው፤ ኮቱን ለብሶ ሊወጣ ሲል ግን ማኅሌት ከባሏ ጋር ልትጠይቀን መጥታ በሩ ላይ አገኘችው። ምን እንደያዘ ጠየቀችው። ፖስታውን ተቀብላ ከፈተችው፤ እዚያው ቆማ ከራስጌው እስከ ፊርማው አነበበችው፤ የራሷ ትዳር አንድም ቦታ አለመጠቀሱን ካረጋገጠች በኋላ በምራቋ መልሳ አሸገችና «አሁን ሂድ» አለችው።